ጎንደር ላይ እንስሳ ሲበደል፦ ፖሊስ፣ ካሳ፣ ሽምግልና ወይስ አቤቱታ?

አራዳ ገበያ ዳር ወይም አዘዞ መንገድ ላይ ገጣባዋ የተላጠ አህያ ኩንታል ተጭና በዱላ ስትነዳ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ከንፈሩን መጥጦ ያልፋል፣ ወይም ከነጂው ጋር ይተናነቃል። ሁለቱም ለአህያዋ የሚያተርፉላት ነገር የለም። ሕጉ ሌላ መንገድ አለው፤ እንዲያውም ከአንድ በላይ። ችግሩ መንገዶቹ የሚያደርሱት ወደ አንድ ቦታ አለመሆኑ ነው። ፖሊስ ጋ የሚሄደው ቅጣት ያገኛል፣ ፍርድ ቤት ካሳ የሚጠይቀው ገንዘብ ያገኛል፣ ሽማግሌ የሚያስቀምጠው ስምምነት ያገኛል፣ ለከተማ አስተዳደር የሚጽፈው ደግሞ ዕድል ከቀናው ለሁሉም የሚሠራ ክልከላ ያገኛል።

ስለዚህ ከመነሣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ለራሳችሁ መልሱ። እንስሳው የማን ነው? ያጠፋው ሰው ይታወቃል? የምትፈልጉት ድርጊቱ እንዲቆም ነው፣ ጉዳቱ እንዲካስ ነው ወይስ ሰውየው እንዲቀጣ? ሦስተኛውን ጥያቄ አብዛኛው ሰው ይዘለዋል። ተናዶ ክስ ይጀምራል፤ ከወራት በኋላ ያገኘው ነገር ከፈለገው ጋር አይገናኝም።

ፖሊስ ጋ መሄድ

በ1996 ዓ.ም. የወጣውና ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ደንብ መተላለፍን በሚመለከተው ክፍሉ በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን ያስቀጣል። ያለ በቂ ምክንያት ማሰቃየት፣ ከአቅም በላይ ማሠራት፣ በጭካኔ መግደል የመሳሰሉት በዚህ ሥር ይወድቃሉ። ቅጣቱ ቀላል ነው፤ መቀጮ ወይም የማረፊያ ቤት እስራት። የማረፊያ ቤት እስራት ደግሞ በደንብ መተላለፍ ከሦስት ወር አያልፍም።

ይህን መንገድ ከሌሎቹ የሚለየው የእንስሳው ባለቤት መሆን አለማስፈለጉ ነው። ከ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ጀምሮ ማንም ሰው ወንጀል መፈጸሙን ለፖሊስ የማመልከት መብት አለው፤ ድርጊቱን በዓይኑ ባያየው እንኳ። «አህያዋ የራሴ ናት፣ ምን አገባህ» የሚለው መልስም እዚህ አይሠራም፤ ምክንያቱም ጥፋቱ በባለቤቱ ላይ የተፈጸመ በደል ሳይሆን ባለቤቱ ራሱ ሊፈጽመው የሚችል በደል ነው። ከታች የማነሣው የካሳ ክስ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ድክመቱን አልደብቅም። መቀጮው የሚገባው ለመንግሥት ነው፤ ለአህያዋ ሕክምና አንድ ብር አይደርሳትም። ሰውየው የከፈለውን ለመመለስ በማግስቱ አንድ ጉዞ ሊጨምርባት ይችላል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ለፖሊስ የሚሰጠው ስም ብዙ ጊዜ ዱላውን የያዘው ሰው ስም መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ ዱላውን የያዘው የገጠር ልጅ ነው፤ ኩንታሉ ግን የእሱ አይደለም፣ አህያዋም የእሱ ላትሆን ትችላለች። «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚባለው በትክክል ይኼ ነው። ልጁ ዕድሜው ከ9 ዓመት በታች ከሆነ በወንጀል ጭራሽ አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ከሆነ የሚወሰድበት እርምጃ እንደ አዋቂ አይደለም። በእነዚህ ልጆች ላይ ማመልከቻ መጻፍ ወረቀት ማባከን ነው ባይ ነኝ። ጭነቱ የማን እንደሆነ ጠይቁ፤ የምታመለክቱት እዚያ ላይ ነው።

እንግዲያው ፖሊስ መቼ ይመረጣል? ድርጊቱ ከእንጀራ ጋር ሳይገናኝ ሲቀር። ውሻ ላይ የፈላ ውሃ መድፋት፣ ለብሽቅ ብሎ የጎረቤት በሬ ቋንጃ መቁረጥ፣ እንስሳ አዋግቶ ገንዘብ ማስያዝ፤ እነዚህ «ድህነት ነው» ተብለው የሚታለፉ አይደሉም። ሁለተኛው ደግሞ ተመክሮ፣ ተለምኖ፣ ተስማምቶ ተመልሶ የሚደግም ሰው ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። በገጠሩ የታመመ በሬን በጋለ ብረት መተኮስ እንደ ሕክምና ይታያል። ለሚያየው ሰው የሚያሰቅቅ ነው፤ የገበሬው ሐሳብ ግን ከብቱን ማዳን ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ የሚያስፈልገው የእንስሳት ሐኪም ነው። ፖሊስ ብትጠሩ ገበሬው የሚቀጥለውን በሬ ከሰው ሸሽጎ ይተኩሳል።

ማስረጃ፦ ብዙው ነገር የሚወድቀው እዚህ ነው

ስልክ ያለው ሁሉ ይቀርጻል፤ ቀረጻው ግን ብዙ ጊዜ ቁስሉን ብቻ ያሳያል። ዳኛው የሚጠይቀው የት፣ መቼ፣ ማን የሚለውን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከራቅ ብላችሁ ቦታው የሚታወቅበትን ምስል አንሡ፣ ቀጥሎ ሰውየውንና እንስሳውን አንድ ላይ፣ በመጨረሻ ቁስሉን በቅርብ። ያዩ ሁለት ሰዎችን ስምና ስልክ ያዙ። ሱቅ ያለው ሰው የተሻለ ምስክር ነው፤ ነገም እዚያው ይገኛል።

ከሁሉም የሚበልጠው የእንስሳት ሐኪም የጽሑፍ ቃል ነው። ጎንደር በዚህ ዕድለኛ ከተማ ነው፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለው፣ በከተማውም በየወረዳውም የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች አሉ። ሐኪሙ ቁስሉ የዱላ ይሁን የመጫኛ ገመድ፣ ትኩስ ይሁን ሲመረቅዝ የከረመ፣ እንስሳው ከመመታቱ በፊት ታሞ እንደነበር መለየት ይችላል። ያለዚህ ወረቀት ተከሳሹ «ድሮም የታመመች ናት» ካለ ነገሩ እዚያው ያከትማል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1822 የከብት ጭካኔን የሚከለክል ሕግ ያወጣው የምክር ቤት አባል ሪቻርድ ማርቲን የተደበደበችውን አህያ ራሷን ችሎት ፊት አስቁሟል እየተባለ ይተረካል። እኛ ዘንድ አህያ ችሎት አትገባም፤ የሐኪሟ ወረቀት ግን ይገባል።

ሁለት ነገር አታድርጉ። አንደኛ፣ እንስሳውን ፈትታችሁ ወደ ቤታችሁ አትውሰዱ፤ ለማዳን ብላችሁ ያደረጋችሁት የሌላ ሰው ንብረት መውሰድ ሆኖ እናንተው ተከሳሽ ትሆናላችሁ። ሁለተኛ፣ የሰውየውን ፊት ፌስቡክ ወይም ቲክቶክ ላይ ለጥፋችሁ ስድብ አትጨምሩበት። ስም ማጥፋትና ስድብ በራሳቸው ያስከስሳሉ፤ ጥፋተኛው ባለ አቤቱታ ሆኖ ይመጣባችኋል።

ካሳ፦ እንስሳው የእናንተ ሲሆን

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንስሳን የሚያየው እንደ ንብረት ነው። አንቀጽ 1127 ስለ ተንቀሳቃሽ ዕቃ ሲናገር በራሳቸው የሚንቀሳቀሱትንም ያጠቃልላል፤ ላማችሁም እዚያ ውስጥ ናት። ይህ አነጋገር ለሚወዳት ሰው ቅር ያሰኛል፤ ለካሳ ግን ይጠቅማል። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ይካስ ይላል፤ ክሱም ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

ጎረቤት ላማችሁን በመጥረቢያ ቢመታት ሁለት አማራጭ አላችሁ። አንዱ ንብረት ማውደም ብላችሁ ለፖሊስ የግል አቤቱታ፣ ማለትም ተበዳዩ ራሱ የሚያቀርበውን ማመልከቻ፣ ማቅረብ ነው። እዚህ ላይ ሰዓቱ አጭር ነው፤ ድርጊቱንና አድራጊውን ካወቃችሁ ጀምሮ ሦስት ወር። ወንጀሉ ሲታይ ካሳውም በዚያው መዝገብ እንዲወሰን መጠየቅ ይቻላል። ሁለተኛው በወረዳ ፍርድ ቤት ራሱን የቻለ የካሳ ክስ መክፈት ነው። የዳኝነት ገንዘብ ይከፈልበታል፤ መክፈል የማይችል ሰው በድሃ ደንብ እንዲከስ መጠየቅ ይችላል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ስለሚሰጥ ጠበቃ መግዛት ያልቻለ ሰው መጀመሪያ እዚያ ቢጠይቅ ይሻላል።

ጥፋተኛው የታወቀና የማይክድ ከሆነ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ፈጣንና ርካሽ ነው፣ ማስረጃውን ፖሊስ ይሰበስባል። ጥፋቱ የተሽከርካሪ ከሆነ ግን ሁለተኛውን። ላማችሁን አይሱዙ ቢገጫት አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪውን ባለቤት ያለ ጥፋትም ቢሆን ተጠያቂ ያደርገዋል፤ ሾፌሩ በጭካኔ ነው ያደረገው ብላችሁ ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። የሰሌዳ ቁጥሩን መያዝ ብቻ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል።

የጉዳቱን ዋጋ ስታሰሉ የገበያውን ዋጋ ብቻ አትጻፉ። በእርሻ ሰሞን የተመታ በሬ ባለቤቱ ለተተኪ በሬ የከፈለው ኪራይ፣ ለሐኪምና ለመድኃኒት ያወጣው፣ ያልታረሰው መሬት ሁሉ ጉዳት ነው። ደረሰኝ የሌለው ነገር ግን እንዳልወጣ ይቆጠራል። ሐዘናችሁን ግን በብር አትጠይቁ። ሕጋችን የሕሊና ጉዳት ካሳን በተለዩ ጉዳዮች ብቻ ነው የሚፈቅደው፤ በሚፈቅድበት ጊዜም ጣሪያው 1,000 ብር ነው። በዚህ ምክንያት የቤት ውሻ የተመረዘበት ሰው በካሳ መንገድ የሚያገኘው ጥቂት ነው፤ ለእሱ የወንጀል አቤቱታው ይሻላል።

ሽምግልና

ቀበሌ ውስጥ፣ እድር ውስጥ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ወይም አንድ መስጊድ በሚሄዱ ሰዎች መካከል ከሆነ ከፖሊስ በፊት ይህን ሞክሩ። አነጋገሩም ከዚያው ይጀምራል። «ጋሸ፣ ይችን ነገር ትንሽ ያቅልሉላት እንጅ፤ ገጣባዋ ደምቷል» ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ «ትታሰራለህ» ያለ ሰው ግን ጠብ ይዞ ይመለሳል። ዱላው እየወረደ ከሆነ ደግሞ አባቶቻችን የተዉልን «በሕግ አምላክ!» አለ። ዛሬም የሰማው ሰው ቢያንስ ቀና ብሎ ያያል።

ጥፋተኛው በማይታወቅበት ጊዜ ደግሞ አውጫጭኝ፣ በሌላ ስሙ አፈርሳታ፣ ነበር። በሌሊት ከብት ሲቆረጥ አካባቢው ተሰብስቦ ያየ የሰማ እንዲናገር ይደረጋል። እንደ ድሮው ሥርዓት ሁሉን አስገድዶ ማዋል የቀረ ቢሆንም፣ ምስክር በጠፋበት ጉዳይ የመንደር ስብሰባ ፖሊስ ያላገኘውን ወሬ ሊያወጣ ይችላል።

የእርቅ ስምምነት ከሕግ ውጭ ያለ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 3307 ጀምሮ ያለው ክፍል እርቅን ይመለከታል፤ በትክክል የተጻፈ እርቅ ተዋዋዮቹን ያስራል። ስለዚህ አጻፉት፣ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ውስጡም «ሁለተኛ አልደግምም» የሚል ብቻ አይሁን። ቁስሉ እስኪድን አህያዋ አትጫንም፣ ሕክምናዋን ጭነቱን ያስጫነው ይከፍላል፣ ከዚያ በኋላ ከዚህ በላይ ኪሎ አትሸከምም፣ ይህ ከፈረሰ ይህን ያህል ይከፈላል፤ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ። የኪሎውን ልክ ለመወሰን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። 100 ኪሎ የሚመዝን ኩንታል ለአገራችን አህያ ብዙ ነው፤ ይህ ግን የኔ አባባል ሆኖ ሳይሆን የባለሙያ ቃል ሆኖ ወረቀቱ ላይ ቢሰፍር ክርክር ይቀንሳል።

የሽምግልና ትልቁ ጉድለት የተቀመጠው ሰው እንጂ እንስሳው አለመሆኑ ነው። ሽማግሌ የሚያስታርቀው ሁለት ሰዎችን ነው። ሰዎቹ ይቅር ተባብለው፣ ጉልበት ተሳስመው ሲነሡ ገጣባው እንደቆሰለ ሊቀር ይችላል። ስለ እንስሳው የሚናገር አንድ ሰው፣ ቢቻል ሐኪሙ፣ እዚያ ሸንጎ ላይ ከሌለ እርቁን አትመኑት። ባለሀብትና ምስኪን ሲጣሉም ሽምግልና ወደ ባለሀብቱ ያዘነብላል። የዱር እንስሳ ጉዳይ ደግሞ ጭራሽ የሽማግሌ አይደለም።

ለአስተዳደር አቤት ማለት

አንድ አህያ ሳይሆን አንድ ልማድ ሲሆን ነገሩ፣ ክስ አይበቃም። በገበያ ቀን ዶሮ በእግሯ ተዘቅዝቃ ስትዞር መዋል፣ በግ አውቶቡስ አናት ላይ ታስሮ ረጅም መንገድ መሄድ፣ ጎዳና ላይ ያሉ ውሾችን በመርዝ ማስወገድ፤ እነዚህን አንድ በአንድ ከስሶ የሚጨርስ የለም። የከተማ አስተዳደሩ፣ የእንስሳት ሀብት ጽሕፈት ቤቱና ትራፊክ ፖሊስ የየራሳቸው ድርሻ አላቸው።

ይህ መንገድ ውጤት እንደሚያመጣ ለማየት ቢሾፍቱን መመልከት ነው። በ2009 ዓ.ም. እዚያ ተከፍቶ የነበረ የአህያ ቄራ ነዋሪው ቅሬታ ካሰማበት በኋላ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቷል። ከዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 2024፣ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ለቆዳ ተብሎ የሚደረገውን የአህያ እርድ በአህጉሩ እንዲታገድ ወስነዋል። በደንብ መተላለፍ ክስ እዚያ መድረስ አይቻልም ነበር።

በውሾቹ ነገር ላይ አቤቱታ ስትጽፉ አዝኑላቸው ብቻ አትበሉ፤ ጎንደርና አካባቢዋ የእብድ ውሻ በሽታ የሚያሰጋቸው ናቸው፣ ኃላፊውም በሌሊት የሚያስበው ስለ ሕፃናቱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረውን አቅርቡ፦ ከውሾቹ 70 በመቶ ያህሉ ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። የተገደለው ውሻ ቦታ በሌላ ያልተከተበ ውሻ ይያዛል። መርዙም ያገኘውን ሁሉ ነው የሚገድለው፤ የሞተውን የበላ ጥንብ አንሣም ይከተላል።

ጊዜውንም ምረጡ። ጎንደር በጥምቀት ሰሞን እንግዳ ይበዛባታል፤ ፈረስና ሕዝብ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይጎርፋል። ከዚያው አጠገብ ዞብል የተባለ የንጉሥ ፈረስ መቃብር ናት የምትባል ክብ ቤት አለች፤ ለፈረስ የመቃብር ቤት የሠራ ከተማ መሆናችንን አስጎብኚዎች በኩራት ይናገራሉ። ስለ ፈረስ አያያዝ የሚጻፍ አቤቱታ በታኅሣሥ ቢገባ ጠረጴዛ ላይ ይነበባል፤ በየካቲት ቢገባ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

መሥሪያ ቤቱ መልስ ከነፈጋችሁ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በነፃ ማመልከት ይቻላል። ተቋሙ በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 211 የተቋቋመ ነው፤ ይመረምራል፣ ምክረ ሐሳብ ይሰጣል፣ የፍርድ ቤት ሥልጣን ግን የለውም። ጉዳዩ ወንዝ መበከል ከሆነ፣ ለምሳሌ ከብት የሚጠጣው ውሃ ላይ መርዛማ ፍሳሽ ቢለቀቅ፣ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 የተሻለ ነው። የግል ጥቅሜ ተነክቷል ማለት ሳያስፈልጋችሁ ለአካባቢ ጥበቃው መሥሪያ ቤት አቤት ትላላችሁ፤ በ30 ቀን ካልወሰነ ወይም ካላረካችሁ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ።

ከከተማ ሲወጡ፦ ሰሜን ተራሮች

ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ደባርቅ ላይ፣ ሕጉ መልኩን ይለውጣል። ዋልያ ከዚያ ተራራ በቀር በዓለም ላይ በዱር አይኖርም፤ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮውም አሉ። እዚህ ላይ የሚሠራው በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ነው፤ ያለ ፈቃድ ማደንና መገበያየትን ከአንድ እስከ አምስት ዓመት በሚደርስ እስራት ያስቀጣል። አህያ በመደብደብ ከሚመጣው ቅጣት ጋር ስታስተያዩት ልዩነቱ ግልጽ ነው። የሚነገረውም ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት ወይም ለፖሊስ ነው፤ ወጥመድ ብታዩ አትንኩት፣ ቦታውን ብቻ ያዙ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት ምክንያት ገጠር ገብቶ ማስረጃ እሰበስባለሁ ማለት ለራስ አደጋ ሊሆን ስለሚችል ጥቆማውን ከከተማ ሆኖ መስጠት ይመረጣል።

ምርጫዬን ብትጠይቁኝ

ለተጫነች አህያ፣ መጀመሪያ ጭነቱን ያስጫነውን ሰው ፈልጎ በሽማግሌና በሐኪም የተጻፈ ስምምነት፤ ከፈረሰ ያው ወረቀት ፖሊስ ጋ ማስረጃ ይሆናል። ለተመረዘ ውሻ በሦስት ወር ውስጥ የግል አቤቱታ። ለተገጨች ላም የካሳ ክስ። በክፋት ለተቆረጠ በሬ ወንጀልና ካሳ በአንድ መዝገብ። ለልማድ አቤቱታ፣ ቢያንስ አሥር ነዋሪ የፈረመበት፤ የአንድ ሰው ወረቀት የአንድ ሰው ጠባይ ተደርጎ ይወሰዳል።

ማመልከቻው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ቀኑና ሰዓቱ፣ ቀበሌውና ቅርብ የሚታወቀው ቦታ፣ የእንስሳው ዓይነትና ቀለሙ፣ የተደረገው ነገር ያለ ቅጽል፣ የምስክሮች ስም፣ የሐኪሙ ወረቀት ኮፒ፣ በመጨረሻም ምን እንዲደረግ እንደምትጠይቁ በአንድ ዓረፍተ ነገር። ሁለት ኮፒ ይዛችሁ ሂዱ፤ አንዱን አስገብታችሁ በሁለተኛው ላይ ማኅተም፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር አስመቱበት። በሳምንቱ ስትመለሱ የሚጠየቀው ያ ቁጥር ነው።